ሦስት ባላንጣዎች በኢሪ ሐይቅ ችሎት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሦስት ባላንጣዎች ነው። አንደኛው ማንኪያ፣ ሁለተኛው ቡሽ፣ ሦስተኛው ትል። ሦስቱም የሚፎካከሩት አንድ ዓሣ ለማታለል ነው። ዓሣው ዎልአይ ይባላል፤ ሙግቱ የሚታይበት ችሎት ደግሞ የኢሪ ሐይቅ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ሂሳቡን እናንተ ሥሩ።

መጀመሪያ ችሎቱን ላሳያችሁ። ኢሪ ከሰሜን አሜሪካ አምስት ታላላቅ ሐይቆች አንዱ ነው፤ በደቡቡ አሜሪካ፣ በሰሜኑ ካናዳ። ስፋቱ 25,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጣናን ሰባት ስምንት እጥፍ መሆኑ ነው። ስፋቱን አይታችሁ ግን ጥልቅ ነው እንዳትሉ፤ ከአምስቱ ውስጥ እንደ እሱ ጥልቀት የሌለው የለም። ቶሌዶና ፖርት ክሊንተን የሚባሉት ከተሞች ያሉበት ምዕራባዊው ክፍል በአማካይ 7 ሜትር ተኩል ቢደርስ ነው። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ ነገር ይመጣባታል።

ቀጥሎ ዳኛውን። ዎልአይ ጎኑ ወይራና ወርቅ የተቀላቀለበት፣ ሆዱ ነጭ፣ ጥርሱ ሹል ነው። ጉዱ ያለው ግን ዓይኑ ላይ ነው። ከዓይኑ ውስጥ በስተኋላ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለው፤ ማታ የእጅ ባትሪ ቢያበሩበት ቦግ ይላል። በዚህ ዓይኑ ጎህ ሲቀድ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ነፋስ ውሃውን ሲያናውጥ እሱ አጥርቶ ያያል፤ የሚያድናቸው ትናንሽ ዓሦች ግን ይደናበራሉ። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ውሃው ጸጥ ካለ ደግሞ ብርሃኑን ሽሽት ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የኢሪ አጥማጅ ሽርሽር እንደወጣ ሰው ጥርት ያለ ሰማይና ረጋ ያለ ውሃ አይመኝም። ትንሽ ደመና፣ ትንሽ ሞገድ ሲያይ ነው ፊቱ የሚፈታው።

ይህ ዳኛ ወንበሩን ሊለቅ ተቃርቦ ነበር። በ1969 ክሊቭላንድን አቋርጦ ወደ ኢሪ በሚገባው በካያሆጋ ወንዝ ላይ የተንሳፈፈው ዘይትና ቆሻሻ ተቀጣጥሎ ነደደ። ወንዝ ነደደ ነው የምላችሁ! በማግስቱ ዓመት በ1970 ደግሞ በዓሣው ሥጋ ውስጥ ሜርኩሪ ተገኘና እገዳ መጣ። በ1972 አሜሪካና ካናዳ የታላላቆቹን ሐይቆች ውሃ ለማጽዳት ስምምነት ተፈራረሙ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ የንጹሕ ውሃ ሕግን አጸደቀ። ፋብሪካው ታረመ፣ ማጥመዱም በኮታ ሆነ፤ ዎልአይም ተመልሶ ተራባ። ዛሬ ፖርት ክሊንተኖች አዲሱን ዓመት የሚቀበሉት 600 ፓውንድ የሚመዝን የፋይበርግላስ ዎልአይ እኩለ ሌሊት ላይ ከአናታቸው በላይ ቁልቁል እያወረዱ ነው። ከተማ ለዓሣ እንዲህ ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እንግዲህ ባላንጣዎቹ ይቅረቡ።

ማንኪያው ታላቅ ነው። ጁሊዮ ቡዌል የሚባል ሰው በቨርሞንት ግዛት፣ ቦሞሲን በሚባል ሐይቅ ላይ፣ ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ ምሳውን ሲበላ ማንኪያው ከእጁ አመለጠችው ይባላል። እየተገለባበጠች፣ እያብለጨለጨች ስትሰምጥ አንድ ትልቅ ዓሣ ከየት መጣ ሳይባል ጎረሳት። ቡዌል ወደ ቤቱ ሄዶ ሌላ ማንኪያ አነሣ፤ እጀታዋን ቆረጠ፣ መንጠቆ ገጠመላት። ይህ ተረት ነው የምትሉ ካላችሁ አልሟገትም። የፈጠራ መብቱ ግን ተረት አይደለም፤ በ1852 ተሰጥቶታል። ዛሬ ኢሪ ላይ የምትጎተተው ማንኪያ ቀጭን፣ ቀላል ብረት ናት። ጠባይዋ አንድ ነው፤ ፍጥነት ትወዳለች። በሰዓት ከ2 እስከ 3 ማይል ሲጎትቷት ወገቧን እየሰበቀች ትሄዳለች፤ ዝግ ካሉባት ግን ትሞታለች፤ ዝም ብሎ የሚጎተት ቁራጭ ብረት ትሆናለች።

ቡሹ ከፊንላንድ የመጣ ነው። ላውሪ ራፓላ ድሃ አጥማጅ ነበር፤ ጀልባውን እየቀዘፈ፣ ክሩን ከኋላው እየጎተተ ነበር የሚያድር የሚውለው። በዚህ መሐል አንድ ነገር ልብ አለ። ትልልቆቹ ዓሦች በትናንሾቹ መንጋ ውስጥ ሲገቡ ያገኙትን አይለቅሙም፤ አካሄዱ የተንገዳገደውን፣ ጎኑን ያመመውን መርጠው ነው የሚበሉት። ራፓላ በ1936 የጫማ ሰፊ ቢላዋ አንሥቶ ከቡሽ ትንሽ ዓሣ ቀረጸ። ለቅርፊቱ የቸኮሌት መጠቅለያ ብራማ ወረቀት አለበሰው፤ ቫርኒሽ መግዣ ስላልነበረው የፎቶግራፍ ኔጋቲቭ አቅልጦ ቀባው። ዓሣውም ሲጎተት እንደታመመ ተንገዳገደ። ሥራው አትላንቲክን ተሻግሮ ሚኒሶታ ገባ፤ በነሐሴ 1962 ላይፍ መጽሔት ጻፈለት። በአጋጣሚ ያ እትም ማሪሊን ሞንሮ በሞተች ሰሞን የእሷን ፎቶ ሽፋኑ ላይ ይዞ የወጣው ነበር፤ አገር ምድሩ ገዛው፤ ራፓላ ቤትም ትዕዛዝ ጎረፈ። ዛሬ የዚህ ዘር ማታለያ በፕላስቲክም በእንጨትም ይሠራል። አገጩ ላይ ያለችው ምላስ ውሃውን እየገፋች ቁልቁል ትወስደዋለች፤ ምላሷ በሰፋች መጠን ጠልቆ ይወርዳል። የሚስማማው ፍጥነት ከ1 እስከ 2 ማይል ተኩል ነው። እንደ ማንኪያዋ ግትር አይደለም።

ሦስተኛው የአባቱ ስም አይታወቅም፤ ድሃ አደግ ነው። ሥራውን ግን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር የሚሆን ክር ነው። ጫፉ ላይ ሁለት መንጠቆ ተከታትሎ ታስሯል፤ ከመንጠቆው በላይ አምስት ስድስት ዶቃ ተደርድሯል፤ ከዶቃው በላይ አንዲት ዝርግ ብረት ትሽከረከራለች። አጥማጁ አፈር ከሞላው ሳጥን ውስጥ ወፍራም የምድር ትል ያወጣል። የፊተኛውን መንጠቆ በራሷ በኩል ይወጋታል፤ ከዚያ በሁለት ጣቱ እየሳበ ያቃናትና ሁለተኛውን ወገቧ ላይ ይሰካል። ቀጥ ብላ ካልተዘረጋች ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረች ክሩን ታጠማዝዘዋለች፤ ዎልአይም ጥምዝምዝ ትል አይቶ ስለማያውቅ ያልፋታል። ዝርጓ ብረት ክብ ከሆነች በዝግታም ትዞራለች፤ ውሃውን እየመታች ደብ ደብ ታሰኘዋለች። ዓሣ በጎኑ መስመር ንዝረት ስለሚሰማ በደፈረሰ ውሃ ይህ ደውል ነው። ረዥምና ቀጭን ከሆነች ግን ፈጠን ካላሉባት አትዞርም፤ ድምፅዋም ብልጭታዋም ሌላ ነው። ይህ ባለ ትል ማታለያ ከ1 እስከ 1 ማይል ተኩል ከተጎተተ ይበቃዋል።

አሁን ሙግቱ ይጀመር። ማን ያሸንፋል?

መጋቢት ላይ፣ በረዶው እንደቀለጠ፣ ሁዳዴ ሲጋመስ፣ ዎልአይ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ሞሚና ወደ ሳንደስኪ ወንዞች፣ ወደ ሐይቁም ቋጥኞች ይጎርፋል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼ ልለፍ። ውሃው ገና ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው። የዓሣ ደም በውሃው ልክ ስለሚቀዘቅዝ ሆዱም ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው፤ ሩጫ አይፈልግም። በዚህ ጊዜ ማንኪያ ይዞ የወጣ ባዶ እጁን ይመለሳል። የሚያሸንፈው የራፓላ ዘር ነው፤ ያውም ቀጭኑና ረዥሙ። ጀልባውን ያንፏቅቁታል፤ አልፎ አልፎ ሞተሩን ገታ ያደርጉታል። ማታለያው ቆም ብሎ ሲንሳፈፍ፣ ዎልአይ የደከመ ምግብ ያገኘ መስሎት ያኔ ይጎርሳል።

ግንቦትና ሰኔ የትሉ ወራት ናቸው። ውሃው ሞቅ ይላል፣ ዓሣው ከእንቁላል ድካም ወጥቶ ይርበዋል። ዝርጓ ትጠራዋለች፣ የትሏ ሽታ ያሳምነዋል። ታዲያ ሐምሌ ሲገባ ትሉ በገዛ ጣፋጭነቱ ይከሰሳል። ለምን? ለዎልአይ ብቻ አይደለማ የሚሸተው! ነጩ ፐርችና ድራም የሚባሉት ዓሦች ይወርሩታል። አጥማጁ ክር ሲስብ፣ ያልፈለገውን ዓሣ ሲያላቅቅ፣ ትል ሲቀይር ይውላል።

ይህኔ ማንኪያዋ ትነሣለች። ትልልቆቹ ዎልአዮች በበጋው ቀዝቃዛ ውሃና የትናንሽ ዓሦች መንጋ ፍለጋ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መካከለኛው የሐይቁ ክፍል ይሄዳሉ። እዚያ ጥልቀቱ ይጨምራል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ከታች ይተኛል፤ በነሐሴ ግድም የታችኛው ንብርብር ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ዓሣው ከዚያ በላይ ተንሳፍፎ ይዞራል፤ ሰፊ ውሃ ላይ ተበትኗል። የተበተነን ዓሣ ለማግኘት ደግሞ ብዙ ውሃ መሸፈን ያስፈልጋል። ማንኪያ ፈጣን ናት፣ የዓሣውም ደም ሞቋል፤ አሳዶ ይይዛታል።

እንግዲህ አያችሁ፣ ለሦስቱም ተፈረደላቸው፤ እንደየወራቸው። ጀልባው ላይ የሚሰማው ክርክር ግን ሌላ ነው። «ሐምራዊው ነው የሚይዘው!» «ኧረ አረንጓዴው ነው!» ቀለም ዋጋ የለውም አልልም፤ በድፍርስ ውሃ የሚያበራ፣ በጠራ ውሃ የዓሣ መልክ ያለው መምረጥ ተገቢ ነው። ነገር ግን ዎልአይ ከቀለም በፊት ሁለት ጥያቄ አለው፤ «በኔ ከፍታ ነህ ወይ?» እና «በኔ ፍጥነት ነህ ወይ?»

ከፍታው እንዲህ ነው። ዎልአይ ምግቡን ወደ ላይ አንጋጦ ነው የሚያየው፤ ለመብላት ሽቅብ ይወጣል እንጂ ቁልቁል መውረድ አይወድም። ስለዚህ ማታለያው ከዓሣው ትንሽ ከፍ ብሎ ማለፍ አለበት። ለዚህ ነው አጥማጁ የለቀቀውን ክር ርዝመት በቁጥር የሚያሳይ ማጠንጠኛ የሚጠቀመው፤ 100 ጫማ ለቆ ዓሣ ከያዘ፣ መልሶ 100 ጫማ ይለቃል። ማንኪያና ትል በራሳቸው ስለማይጠልቁ እርሳስ ይታከልላቸዋል፤ ወይም ዲፕሲ የሚባል ክብ ዝርግ ነገር ይዟቸው ወደ ጎንና ወደ ታች ይጠልቃል።

እንግዲህ ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር መጣች። ሰባት ሜትር ተኩል ውሃ ላይ የሞተር ድምፅ ዓሣውን ግራና ቀኝ ይበትነዋል። ማታለያው በጀልባው ዱካ ላይ ቢጎተት ማን ይቀበለዋል? ስለዚህ ክሩ ላይ ተንሳፋፊ ሳንቃ ይቆነጠጣል። የሳንቃው አፍንጫ ሰያፍ ተቆርጧል፤ ጀልባው ሲስበው ውሃው እየገፋ ከጀልባው አርቆ ወደ ጎን ይወስደዋል። በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት ሳንቃ ቢዘረጋ ማታለያዎቹ ሽሽት ላይ ካለው ዓሣ ፊት ይደርሳሉ።

የፍጥነቱን መልስ የሚሰጠው ደግሞ መታጠፊያው ነው። ካፒቴኑ መሪውን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ ያዞራል። የግራ ሳንቃዎች ውስጠኛ ክበብ ላይ ስለሆኑ ይዘገያሉ፤ የቀኞቹ የሚዞሩት ሰፊውን ስለሆነ ይፈጥናሉ። ሁሉም ሳንቃዎቹን ያያል። ድንገት ከግራ አንዱ ወደ ኋላ ይጎተታል፣ አፍንጫው ይሰምጣል። «ያዘ!» አንዱ ዘንጉን ያነሣል፤ ካፒቴኑ ግን ዓሣውን አይደለም የሚያየው፣ እጁ ወደ ነዳጅ መስጫው ሄዷል፤ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከቀኝ ቢሆን ኖሮ ይጨምር ነበር። አንዲት መታጠፊያ ከአንድ ሣጥን ሙሉ ቀለም የበለጠ ትናገራለች።

ስለ እርሳስ ካነሣሁ አይቀር፣ በመስከረም 2022 ክሊቭላንድ ላይ የሆነውን ሳልነግራችሁ አልነሣም። የዎልአይ ውድድር ነበር፤ ሁለት ሰዎች ያቀረቧቸው ዓሦች ከመልካቸው በላይ ከበዱ። የውድድሩ ኃላፊ ጠረጠረ፤ ሕዝቡ ፊት ሆዳቸውን በቢላዋ ቀደደው። እርሳስ ተንከባሎ ወጣ! ጩኸቱ ለጉድ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2023 ጥፋታቸውን አምነው የ10 ቀን እስራት ተፈረደባቸው። እርሳስ ክር ላይ ሲታሰር ጥበብ ነው፤ ዓሣ ሆድ ሲገባ ወንጀል ነው።

ኮለምበስ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ብትነዱ ፖርት ክሊንተን ናችሁ። ፈቃድ አውጡ፤ በኦሃዮ በኩል ለአንድ ሰው በቀን 6 ዎልአይ ነው፣ ርዝመቱም ከ15 ኢንች እንዳያንስ። የማታለያ መደብር ስትገቡ ግድግዳ ሙሉ ቀለም ያፈዛችኋል፤ እዚያ ገንዘባችሁን አትጨርሱ። ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ያዙና ባለ ጀልባውን ቀለሙን ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁት፦ «ጌታዬ፣ ትናንት በስንት ማይል ነበር የያዛችሁት?» ቆም ብሎ አይቶ ከመለሰላችሁ፣ ሰው አግኝታችኋል፤ ጀልባው ላይ ውጡ።