ባለቤቱ ማነው?

«ባለቤት» የምትለው ቃላችን ሥራ ይበዛባታል። የንብረት ጌታም፣ የትዳር ጓደኛም፣ የዓረፍተ ነገር አድራጊም እሷው ናት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ ይመስለኛል፣ «ይህ ነገር የማን ነው?» የሚል ክርክር ስሰማ ቀድሜ የምፈልገው ግሱን ነው። ኢንተርኔት ስንጎበኝ ጥለነው የምናልፈው ዱካ የማን እንደሆነም በዚሁ መንገድ ልፈልግ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ሲጀመር ክፋት አልነበረውም። የዚያን ጊዜ ድረ ገጽ ዝንጉ ነበር፤ ደንበኛው ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር እንደ አዲስ እንግዳ ይቆጥረዋል። እንዲህ ሆኖ ደግሞ መነገድ አይቻልም። በ1994 የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ «ኩኪ» የተባለችውን ትንሽ ምልክት በደንበኛው ኮምፒዩተር ላይ አስቀመጠ። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱን ምልክት ብቻ እንዲያነብ ነበር የታሰበው። የማስታወቂያ ነጋዴዎች ግን ቀዳዳ አላጡም። በብዙ ድረ ገጾች ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ድርጅት በሁሉም ቦታ «የራሱን» ምልክት ያነባል፤ እናም ሰውዬው የዋለበትን ሁሉ ያውቃል።

በ2000 ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ቶይስማርት የተባለ፣ በኢንተርኔት የልጆች መጫወቻ የሚሸጥ የአሜሪካ ኩባንያ ከሰረ። የደንበኞቹን መረጃ ለማንም እንደማይሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። ሲከስር ግን የደንበኞቹን ዝርዝር፣ የልጆችን ስምና የልደት ቀን ሳይቀር፣ ለገበያ አቀረበው። ልብ በሉ፤ በኪሳራ ሒሳብ ዝርዝሩ እንደ መደርደሪያና እንደ ወንበር ንብረት ነው! የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሰሰ፤ የብዙ ክፍለ ግዛቶች ዐቃብያነ ሕግም ሽያጩን ተቃወሙ። በመጨረሻ በ2001 የኩባንያው ዋና ባለድርሻ የዲዝኒ እህት ድርጅት 50,000 ዶላር ከፍሎ ዝርዝሩ እንዲጠፋ ተደረገ። ገንዘቡ ለአበዳሪዎች እንጂ ለልጆቹ ወላጆች አልሆነም። ንብረት ካልሆነ ለማጥፋት ለምን ተከፈለበት? የወላጆቹ ከሆነስ ለምን ለሌላ ተከፈለ?

አሜሪካ እስከዛሬ አልቆረጠላትም። በ2016 የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች የደንበኛን የአሰሳ ታሪክ ያለፈቃዱ እንዳይሸጡ የሚከለክል ደንብ ወጣ፤ በ2017 ሥራ ላይ ሳይውል ኮንግረሱ ሻረው፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕም ፈረሙበት። አውሮፓ ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ የንብረትን ጥያቄ ወደ ጎን ትታ ለሰው መብት ሰጠች፦ ስለ ራሱ የተያዘውን ማየት፣ ማሳረም፣ ማስደምሰስ። የእኛም አገር በ2024 (በእኛ 2016) የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች።

እኔ አውሮፓ የያዘችው መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ። ንብረት ከሆነ ይሸጣላ! የቸገረው ሰው «እስማማለሁ» የምትለዋን ነክቶ ቤቱን ሁሉ ያስረክባል። ደግሞስ ዱካው የአንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ? ሚስት ስለ ባሏ ሕመም ስትፈልግ የማን ምስጢር ነው የሚመዘገበው? ሰው ስሙን ያስከብራል እንጂ አይቸበችበውም፤ ይህም እንደዚያው ነው።

ታዲያ ንብረቱን ትተን ግሱን እንያዝ። የኩባንያዎቹ መግለጫ ሁልጊዜ «መረጃ ይሰበሰባል፣ ይተላለፋል» ይላል። አድራጊው የለም፤ ግሱ ተደራጊ ነው። ማን ሰበሰበ? ለማን አስተላለፈ? ቢያጠፋስ ማን ይጠየቃል? ሕግ ይህን ዓረፍተ ነገር በግልጽ ባለቤት ማስጻፍ ከቻለ፣ ዱካው የማን ነው የሚለው ክርክር ቢዘገይም አይጎዳንም።