ጠብታ ቈጣሪዎች

በውድብሪጅ የምንኖር ስደተኛ ተማሪዎች ማታ ማታ አንድ ጠረጴዛ እንጋራለን። በአንዱ ጫፍ እኛ የመንግሥታትን ታሪክ እናገላብጣለን፤ በሌላው ጫፍ ነርስነት የሚማሩ እኅቶቻችን፣ የአገራችን ሰው በደፈናው «ግሉኮስ» የሚለውን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ጠብታ ያሰላሉ። በሆስፒታል ይህን ሥራ ፓምፕ ተረክቦታል፤ ትምህርቱ ግን ዛሬም በእጅ ያሠራቸዋል። ይኸውም የፈሳሹ መጠን ቱቦው በሚሊ ሊትር በሚያንጠባጥበው ቍጥር ተባዝቶ ለደቂቃዎቹ ይካፈላል። የሕፃናት ሒሳብ ነው ብለን ንቀነው ነበር፤ ታሪኩን እስክናነብ ድረስ።

እ.ኤ.አ. በ1832 ኮሌራ ብሪታንያን ሲፈጅ፣ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቶማስ ላታ ለአንዲት አሮጊት ጨዋማ ውሃ በደም ሥሯ ሰጠ። በግማሽ ሰዓት ስድስት ፓይንት፣ ማለትም ከሦስት ሊትር በላይ ገባላት፤ ከሞት አፋፍ ተመለሰች። ላታ ደክሞት ነበርና፣ ዳነች ብሎ ለሌላ ሐኪም ትቷት ሄደ። ተቅማጡና ትውከቱ አገረሸ፤ በአምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ሞተች። ሕክምናው ቢደገም ኖሮ ትድን እንደ ነበር የጻፈው ራሱ ላታ ነው።

ዛሬ መመሪያው ግልጽ ነው። ፈሳሽ ክፉኛ ላለቀበት አምስት ኪሎ ሕፃን በመጀመሪያው ሰዓት 150 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ በሃያ ጠብታው ቱቦ በደቂቃ 50 ጠብታ ማለት ነው። ከዚያ 350 ሚሊ ሊትር በአምስት ሰዓት፣ በደቂቃ 23 ገደማ። ሃምሳ ኪሎ ለሚመዝን ጐልማሳ ግን የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት 1,500 ሚሊ ሊትር ስለሚጠይቅ፣ ስሌቱ በደቂቃ 1,000 ጠብታ ይወጣል! ይህን የሚቈጥር ዓይን የለም፤ ነርሷ መቈጣጠሪያውን ለቅቃ የከረጢቱን ምልክትና የልብ ትርታውን ትከታተላለች። በሦስት ሰዓት አምስት ሊትር ያልቃል።

አምስቱ ሊትር በበሽተኛው ብዛት ሲባዛ ግን ስሌቱ ከነርሷ እጅ ወጥቶ የመንግሥት ይሆናል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለዓመታት ወረርሽኙ በይፋ ኮሌራ ሳይሆን «አተት» ይባል ነበር። ለጠብታው የስሙ ለውጥ ምንም አይደለም። ከረጢቱ ግን ከሩቅ ተገዝቶ፣ ተጭኖ የሚመጣ ነው፤ የበሽታው ስም በተድበሰበሰ ቍጥር የሚያስፈልገውን ለመጠየቅ የሚደፍር ባለሥልጣን ያንሳል ብለን እናምናለን።

ከረጢት ባለቀበት ጤና ጣቢያ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ተበጥብጦ በአፍንጫ ቱቦ ይሰጣል፤ ለአምስት ኪሎው ሕፃን በሰዓት 100 ሚሊ ሊትር፣ ለስድስት ሰዓት። ነርሷም አጠገቡ ትቀመጣለች።