በአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ላይ ስለ ታተመው መልክና መስቀል

ፈሪሳውያን ስለ ግብር ጠይቀው ጌታችንን በነገር ሊያጠምዱት በወደዱ ጊዜ፥ የግብሩን ገንዘብ እንዲያሳዩት አዘዛቸው፤ ዲናሩም በቀረበ ጊዜ በላዩ ስላለው መልክና ጽሕፈት ጠየቃቸው። መምህራን የዚህን ቃል መንፈሳዊ ትርጓሜ አስፍተው ተናግረዋል፤ ነገር ግን ለታሪክ ተመራማሪም ትልቅ ትምህርት አለበት። ይኸውም ገንዘብ የመግዣና የመሸጫ መሣሪያ ብቻ አለመሆኑ ነው። መልኩ የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው፥ ገንዘቡ በተቀረጸበት ዘመን ማን ይገዛ እንደ ነበረ፥ ንጉሡም በማን ያምን እንደ ነበረ ያገኛል። በቅኔ ቤት ቋንቋ ቢነገር፥ ማዕድኑ ሰሙ ነው፤ መልኩና ጽሕፈቱ ግን ወርቁ ነው።

የሮም ቄሣሮች ይህን ነገር ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በሩቅ አውራጃ የሚኖር ሰው የቄሣርን ፊት የሚያየው በገንዘቡ ላይ ነበርና፥ በአንዱ ገጽ የራሳቸውን መልክ፥ በሁለተኛው ገጽ የጣዖቶቻቸውን ምስል፥ የድል አክሊልን፥ የተማረኩ አሕዛብን ያስቀርጹ ነበር። ይህ ገንዘብ ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል። በ1ኛው ምእት ዓመት አንድ ነጋዴ በግሪክ ቋንቋ የጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ፥ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገባው ዕቃ መካከል በዚያ ለሚቀመጡ የውጭ አገር ሰዎች የሚሆን ጥቂት የሮም ገንዘብ እንደ ነበረ ይናገራል። በመጠራ ፍርስራሽ ውስጥም 14 የሮም የወርቅ ገንዘብ ከወርቅ መስቀልና ከወርቅ ሰንሰለት ጋር ተገኝቷል። በደብረ ዳሞ ደግሞ በ1940 ከመቶ የሚበልጥ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘብ ተገኝቷል፤ የእነዚህ ነገሥታት ግዛት በህንድ ሰሜን ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን፥ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተለየ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ኢትዮጵያ ግን የሌላውን ገንዘብ በመቀበል ብቻ አልቀረችም። በ270 ገደማ እንዱቢስ የሚባለው የአክሱም ንጉሥ በራሱ ስም የወርቅና የብር ገንዘብ አስቀረጸ፤ ከእርሱ በኋላም የነሐሱ ገንዘብ በዛ። የወርቁ ሚዛን 2.7 ግራም ያህል ስለ ሆነ በዚያን ዘመን ከነበረው የሮም ወርቅ እኩሌታ ጋር ይስማማል፤ ጽሕፈቱም በግሪክ ቋንቋ ነው። ይህ ሁሉ የተደረገው የባሕር ማዶ ነጋዴ ገንዘቡን አይቶ እንዲያውቀው፥ መዝኖም እንዲያምነው ነው። መልኩ ግን የአገር መልክ ነው። ከአፊላስ ዘመን ጀምሮ በወርቁ ላይ ንጉሡ በአንዱ ገጽ ዘውድ ደፍቶ፥ በሌላው ገጽ ራሱን በጨርቅ አስሮ ይታያል፤ ግራና ቀኙንም የእህል ዛላ ይከብበዋል። በግሪኩ ጽሕፈት መካከል እንኳ ብእሲ የሚለው የግእዝ ቃል በግሪክ ፊደል ተጽፎ፥ ንጉሡ የማን ወገን እንደ ሆነ ይናገራል። እንግዲህ አክሱም ልኩን ከሮም ብትወስድ፥ መልኩን ከራሷ አወጣች።

በእነዚህ በመጀመሪያዎቹ ገንዘቦች ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ የጨረቃ ግማድና ክብ ምልክት ይታያል፤ ይህም የአሮጌው አምልኮ ምልክት ነው። የዒዛናም የመጀመሪያ ገንዘብ ይህንኑ ምልክት ይዟል። ኋላ ግን አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ፍሬምናጦስ ወንጌልን ባስተማረበት ዘመን ጨረቃው ጠፍቶ በስፍራው መስቀል ተተካ። ንጉሡ በድንጋይ ያስጻፈውን ለማንበብ አክሱም መድረስ ያስፈልግ ነበር፤ ገንዘቡ ግን ራሱ ተጓዥ ነው፤ ስለዚህ ንጉሡ ሃይማኖቱን በባሕርና በየብስ በሰው ሁሉ እጅ ላከው። በዚያን ዘመን ቆስጠንጢኖስ በሮም ገንዘብ ላይ የክርስቶስን ስም ምልክት በጥቂቱ ያሳትም ነበር እንጂ፥ መስቀሉ የሮም ገንዘብ ዋና ምልክት የሆነው ከእርሱ በኋላ ነው። ስለዚህ የዒዛና ገንዘብ በዓለም መስቀልን አስቀድመው ከያዙት መካከል ይቈጠራል።

ይህም የሆነው የሮምን ቄሣር ለማስደሰት አልነበረም። በ356 ቄሣሩ ቆስጠንጢዮስ ወደ ዒዛናና ወደ ወንድሙ ወደ ሳይዛና ደብዳቤ ልኮ፥ ፍሬምናጦስ አርዮሳዊው ጊዮርጊስ ወደ ተቀመጠበት ወደ እስክንድርያ ተመልሶ እንዲመረመር ጠይቆ ነበር። ደብዳቤውን ቅዱስ አትናቴዎስ በመጽሐፉ አኑሮታል። ቤተ ክርስቲያን ግን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች።

በወርቁ ላይ ግሪክ ሲቀጥል፥ በነሐሱና በብሩ ላይ ግእዝ እየሰፋ ሄደ። ወርቁ ወደ ውጭ ለሚሄድ ንግድ፥ ነሐሱ ለአገር ገበያ ነበርና፥ ለእያንዳንዱ በሚሰማው ቋንቋ መነገሩ ተገቢ ነበር። ለአገር ከታተሙት አንዳንዶቹ ይህ ነገር አገሩን ደስ ያሰኝ ዘንድ የሚል የግሪክ ቃል ነበራቸው። መሐድየስ የሚባለው ንጉሥ ደግሞ በነሐስ ገንዘቡ ላይ በዝ መስቀል ትመውእ የሚል ጽሕፈት በግእዝ አስቀረጸ፤ ይህ ቃል ለቆስጠንጢኖስ ከሰማይ ታየው ከተባለው ጋር አንድ ነው። ከዚህም በላይ የአክሱም አንጥረኞች በብርና በነሐስ ገንዘብ ላይ የንጉሡን ራስ ዙሪያ ወይም መስቀሉን በወርቅ ይለብጡ ነበር። ድኃው በሚገዛበት በትንሹ ነሐስ ላይ ወርቅ መጨመሩ ትርፍ የሚሰጥ ሥራ አይደለም፤ የምልክቱን ክብር ለማሳየት የተደረገ ነው።

ለካህናት የሚያስቸግረው አንድ ነገር አለ። እንዱቢስ፥ አፊላስ፥ መሐድየስ የሚሉት ስሞች በአገራችን የነገሥታት ዝርዝር ውስጥ አይገኙም፤ በዝርዝሩ ያሉት አብርሃና አጽብሓም በገንዘቡ ላይ አይታዩም። ብዙ ሊቃውንት አብርሃን ዒዛና፥ አጽብሓን ሳይዛና ነው ብለው ያስታርቁታል። ሁለቱን ምስክሮች አንዱን ለማፍረስ ማጋጨት አይገባም፤ የሚስማሙበትም ስፍራ አለና። ዝርዝሩ ካሌብን የታዜና ልጅ ይለዋል፤ የካሌብም የወርቅ ገንዘብ በግሪክ ቋንቋ የታዜና ልጅ ይላል። አንድ ሺህ ዓመት ዘግይተው የጻፉት ደብተራዎች የጠበቁትን፥ መሬት የጠበቀው ወርቅ አጸናው።

ይህ ወርቅ ከወዴት ይመጣ ነበር? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በካሌብ ዘመን አዱሊስ የነበረው የእስክንድርያው ነጋዴ ቆዝሞስ ነው፤ በመልሱም የአገው ስም ይገኛል። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዢ እጅ ወርቅ ወዳለበት ወደ ሳሱ አገር ሰዎች ይልካል፤ ከእነርሱም ጋር ሌሎች ነጋዴዎች ይሄዳሉ፥ ከአምስት መቶም ይበልጣሉ። በሬ፥ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ፤ በደረሱም ጊዜ የእሾህ አጥር አጥረው፥ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን በእሾሁ ላይ፥ ጨውንና ብረቱንም አጠገቡ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች መጥተው እንደ ግብጦ ፍሬ ያለ ወርቅ በወደዱት ዕቃ ላይ አኑረው ይርቃሉ፤ ባለዕቃው ከወደደ ወርቁን ያነሣል፥ ካልወደደ ይተወዋል። ጉዞው በመሄድና በመመለስ ስድስት ወር ይፈጃል። በቆዝሞስ ዘመን አገው የተባለው ምድር ሰፊ ስለ ነበረ፥ ነጋዴዎቹ በዛሬው እንጅባራና ዳንግላ በኩል አለፉ ብሎ መወሰን አይገባም። ነገር ግን የካሌብ መልክና መስቀል የታተመበት ወርቅ በአገው ገዢ አደራ ያለፈ መሆኑን ማወቅ፥ ግብጦ ለሚዘራበት ለአዊ ሕዝብ ትንሽ ነገር አይደለም።

የአክሱም ገንዘብ በ7ኛው ምእት ዓመት አለቀ። ከመጨረሻዎቹ አንዱ የሆነው አርማሕ በዙፋን ተቀምጦ ይታያል፤ ጽሕፈቱም ለሕዝብ ደስታን ይመኛል። ከዚያ በኋላ ሀገሪቱ ብዙ ዘመን በአሞሌና በልዩ ልዩ ዕቃ ስትገበያይ ኖረች፤ ኋላም 1780 የሚል ዘመን የተጻፈበት የማርያ ቴሬዛ ብር ገበያውን ሁሉ ያዘ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓመተ ምሕረት በራሳቸው መልክና በዘውድ ደፊው አንበሳ ብር ባስቀረጹ ጊዜ እንኳ፥ ባላገሩ የለመደውን የሴት መልክ ቶሎ አልተወም። ያ የባዕድ ብር ግን ብዙ ጊዜ በአንጥረኛ እሳት ቀልጦ የአንገት መስቀል ሆነ።

ስለ ጥንቱ ገንዘብ ዛሬ የሚታወቀው ሁሉ ሰብሳቢዎች ስለ ደከሙበት የተገኘ ነው። ጣሊያናዊው አርቱሮ አንዛኒ በ1926፥ እንግሊዛዊው ስቱዋርት ሙንሮ-ሄይም በ1984 ስለ አክሱም ገንዘብ መጻሕፍት አውጥተዋል። ነገር ግን መሰብሰብ ሁሉ አንድ አይደለም። በየመን አል-መዳሪባ በሚባል ስፍራ 868 የአክሱምና 326 የሮም፥ በጠቅላላው 1,194 የወርቅ ገንዘብ በአንድነት ተገኝቷል። በአንድነት በመገኘቱ የአክሱምና የሮም ወርቅ በየመን ጎን ለጎን እንደ ተያዘ፥ የኢትዮጵያም ኃይል ባሕር እንደ ተሻገረ ይመሰክራል። እያንዳንዱ ለየብቻው ተሸጦ ቢበተን ኖሮ ወርቅነቱ አይጐድልም፤ ምስክርነቱ ግን ይጠፋ ነበር።

ስለዚህ ገበሬ ሲያርስ፥ ሠራተኛ መሠረት ሲቈፍር የተቀረጸ ገንዘብ ቢያገኝ፥ ወደ አንጥረኛም ወደ መንገደኛ ገዢም መውሰድ አይገባውም። በድንገት የተገኘ ቅርስ ሳይነካ ለባለ ሥልጣን እንዲነገር አዋጅ ቍጥር 209/1992 ዓመተ ምሕረት ያዝዛል። ካህናትም ሕዝቡን በዚህ ነገር ቢመክሩ፥ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ያለውንም ጥንታዊ ገንዘብና ጌጥ ማን እንደ ሰጠውና ከወዴት እንደ መጣ በመዝገብ ቢጽፉ፥ ለመጪው ትውልድ ትልቅ ሥራ ይሆናል። በአሮጌ ገንዘብ ፊት የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸውና፤ መልኩ የማን ነው ለሚለው ገንዘቡ ራሱ ይመልሳል፤ ከወዴት ተገኘ ለሚለው ግን ያገኘው ሰው ካልተናገረ የሚመልስ የለም።