በረዶ፣ ጉምና የመንገድ ችካል፦ ስለ አንድ ስያሜ

በቀዝቃዛዎቹ የሰሜን አገሮች የብርዱ ወቅት ከመግባቱ በፊት በመንገድ ግራና ቀኝ ረጃጅም ዘንጎች ይተከላሉ። በረዶው ምድሩን ሲያለብሰው ጠራጊውም ሆነ ነጂው የመንገዱን ጠርዝ የሚለየው በእነዚሁ ነው። በጃፓን፣ በሆካይዶ ደሴት፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቀስት ወደ ታች እያመለከተ ዳሩን ያሳያል። ተርጓሚዎች ይህን ዕቃ «የበረዶ ምልክት» ቢሉት ያስኬዳልን? መልሱን ከቃሉ ታሪክ እንፈልጋለን።

በረዶ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኮስማስ በ6ኛው ምእተ ዓመት ከአዱሊስ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ስሙ ያልታወቀ ንጉሥ በስሜን ተራሮች ሲዘምት እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ በረዶ እንደ ነበረ ይተርካል። ግእዝ በረድን፣ ሐመዳንና አስሐትያን ለየብቻ ይዟል። አማርኛም ውርጭና አመዳይ የሚሉ ቃላት አሉት፤ ሆኖም በዕለት ንግግር እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ባዘቶ የሚነጠፈውንም፣ የረጋውንም ውኃ «በረዶ» በሚለው አንድ ቃል ይጠቀልላል።

የዚህ መጠቅለል ችግር በባሌ ደጋ ጎልቶ ይታያል። ከሮቤ በጎባ አልፎ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያቋርጣል፤ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱም ከዚያው ይገኛል። በረዶ አልፎ አልፎ አምባውን ያለብሳል፤ ጉም ደግሞ ያለ በረዶም መንገድን ይሰውራል። ዛፍ በሌለበት በዚህ ሜዳ ቀጥ ብሎ የሚታየው ጅብራ ነው፤ ጅብራ ግን የመንገድን ዳር ተከትሎ አይበቅልም። እንግዲህ በመንጃ መማሪያ መጽሐፍ «የበረዶ ምልክት» የሚል ያነበበ ነጂ «በረዶ ሊወርድ ነውና ተጠንቀቅ» ብሎ ይረዳዋል እንጂ «መንገዱ እዚህ ያበቃል» ብሎ አይረዳውም። በገደል አፋፍ ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ስያሜው ከሰዋሪው ሳይሆን ከተሰወረው ነገር እንዲነሣ እናሳስባለን። «ቸከለ» ከሚለው ግስ የወጣው «ችካል» ለተተከለ ዘንግ የታወቀ ቃል ነውና «የመንገድ ዳር ችካል» ብንል ጉምም ሆነ በረዶ ቢጋርደው ትርጉሙ አይናወጥም። ለእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ የሚተከለውም በዚሁ መርሕ «የቧንቧ ችካል» ይሆናል። ለመንገድ መሪነት ለሚደረደር ድንጋይ ደግሞ በደቡብ ጎንደር የከተማ ስም ሆኖ የኖረው «ክምር ድንጋይ» ይበቃል። የባሌ ሕዝብ በሚናገርበት በኦሮምኛም አቻ ሲፈለግ ይኸው መርሕ ቢጠበቅ ሁለቱ ቋንቋዎች ለመንገደኛው አንድ መልእክት ያደርሳሉ።