ሳሙኤል ጎባት፦ ከጎንደር ወንጌል እስከ ጋፋት መድፍ

በ1830 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አንድ የ31 ዓመት ስዊሳዊ ጎንደር ገባ። ሳሙኤል ጎባት ይባላል። የላከው የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች የሚስዮን ማኅበር ነው። በእጁ የያዘው ደግሞ በአማርኛ የታተመ ወንጌል ነበር። ትርጉሙ የጎጃሜው አባ አብርሃም ድካም ነው፤ ፈረንጆቹ አቡ ሩሚ ይሏቸዋል፣ ሥራውን የፈጸሙትም ካይሮ ተቀምጠው ነው።

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። ጎንደር ያለው ንጉሥ ስም ብቻ ቀርቶታል፤ የሚያዝዘው የየጁው ራስ ማርዬ ነው። ካህናቱ ካራ፣ ቅባትና ጸጋ ተባብለው ይወጋገዛሉ። ጎባት በዚህ ክርክር ወገን ከመያዝ ወንጌሉን ገልጦ ማንበብ መረጠ። ከእጨጌ ፊልጶስ ጋር ሳይቀር ተቀምጦ ተወያየ።

ያኔ አዲስ ቤተ ክርስቲያን የመትከል ሐሳብ አልነበረውም። ጥንታዊቱ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ መጽሐፉን አንብባ ራሷን ታድሳለች ብሎ ተስፋ አደረገ። ስለ አማላጅነትና ስለ ጾም ግን እምነቱ ፕሮቴስታንት ነበር። ለስላሳ አንደበቱ ልዩነቱን ሸፈነው እንጂ አላጠፋውም።

ቆይታው አልሰመረም። የሥራ ጓደኛው ኩግለር በዚያው ዓመት መጨረሻ ትግራይ ውስጥ ሞተ። ጠባቂያቸው ደጃዝማች ሰባጋዲስ በ1831 በደብረ ዓባይ ጦርነት ተማርከው ተገደሉ። ጎባት በ1835 ከሚስቱ ጋር ቢመለስም አድዋ ላይ በሕመም ማቅቆ በ1836 አገሩን ለቅቆ ወጣ።

በ1846 የኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። እዚያም ኢትዮጵያን አልረሳም፤ ለዴር ሱልጣን መነኮሳት ጥብቅና ቆመ። ነገር ግን በዚያው ከተማ ኦርቶዶክሳውያንን ወደ ፕሮቴስታንት ጉባኤ ይቀበል ጀመር። በ1853 ከ1000 በላይ የራሱ የአንግሊካን ካህናት ድርጊቱን ተቃውመው ፈረሙ። እንግዳ ሳለ ጎንደር ላይ ያሳየው ትዕግሥት ሹመት ሲያገኝ አብሮት አልዘለቀም።

ከዚያ አጼ ቴዎድሮስ ነገሡ። ንጉሡ ከሰባኪ ይልቅ የእጅ ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። ጎባትም ስዊስ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ፣ ሙያም ወንጌልም የያዙ ወጣቶችን ላከ። ስሌቱ ሙያው ለወንጌሉ በር ይከፍታል የሚል ነበር። ንጉሡ ሙያውን ወሰዱ። ሰዎቹ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ እንዲያቀልጡ ታዘዙ፤ ሴባስቶፖልም ከዚያ ወጣች። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀቁ።

ከተላኩት አንዱ ፍላድ ግን በደምቢያ ለቤተ እስራኤል እንዲሰብክ ተፈቅዶለት ነበር። ቴዎድሮስና አቡነ ሰላማ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፦ የሚያምን ሁሉ የሚጠመቀው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጎባት በወጣትነቱ ጎንደር ላይ የተመኘው፣ አዲስ ቤተ ክርስቲያን የማይተክል ስብከት፣ በመጨረሻ የጸናው በንጉሥና በጳጳስ ትእዛዝ ነው።

ጎባት በ1879 ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፈ። «መናፍቅ» ብሎ መዝጋትም ሆነ «ቅዱስ» ብሎ ማንገሥ ቀላል ነው። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ሚስዮኑ፣ ንጉሡና ጳጳሱ ማን ይስበክ፣ የት ይጠመቅ ብለው ሲስማሙ፣ አባቶቹ በያዙት ሃይማኖት የሚኖረውን የደምቢያ ቤተ እስራኤል ፈቃዱን የጠየቀው ማን ነበር?