ከባሕር ጠለል እስከ እንጦጦ፤ የጠለቃ አሠልጣኝ ኃላፊነት የት ድረስ ነው?

"ወደብ እንኳ የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ጠለቃ አደጋ ምን አገባን?" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። "ጠላቂ" የሚለውን ቃል የምንሰማውም የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች ውኃ የወሰደው ሰው አስከሬን አወጡ ሲባል ነው። ይሁንና የከተማችን ሰው ለዕረፍት ጅቡቲ፣ ሞምባሳና ዛንዚባር መሄድ ጀምሯል፤ እዚያም ስኩባ ዳይቪንግ ይሞክራል። ጉዳዩ የካ ክፍለ ከተማ፣ እኔ ቤት ድረስ የመጣውም በዚሁ መንገድ ነው።

የእህቴ ልጅ ጅቡቲ ሰንብቶ ቅዳሜ ማታ ተመለሰ። እሑድ ማለዳ ደውሎ "ጋሼ፣ እንጦጦ እንውጣ" አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ የጉዞ ውል ስመረምር ያነበብኩት ትዝ ብሎኝ መጨረሻ የጠለቀው መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት። "ትናንት ጠዋት፣ ሁለት ጊዜ" አለ። አሠልጣኙ ስለ አዲስ አበባ ከፍታ ምን እንደነገረውም ጠየቅሁት። ምንም አልነገረውም፤ ከየት እንደመጣም አልጠየቀውም። ጉዞው ቀረ። ደግነቱ ልጁ ምንም አልሆነም፤ የተረፈው ግን በአሠልጣኙ ጥንቃቄ ሳይሆን በዕድሉ ነው።

አደጋው ከየት ይመጣል?

በባሕር ጠለል ላይ የሚጫነን አየር አንድ ባር ያህል ግፊት አለው። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ሌላ አንድ ባር ይጨመራል። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። ጠላቂው ከሲሊንደሩ ከሚስበው አየር ውስጥ ናይትሮጅኑ በዚህ ግፊት ሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከወጣ ናይትሮጅኑ በትንፋሽ ይወጣል። ግፊቱ በድንገት ከቀነሰ ግን የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው ሁሉ አረፋ ይሠራል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ማዞርና ድካም ምልክቶቹ ናቸው፤ ሲከፋ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። ሌላው አደጋ ትንፋሽን ይዞ መውጣት ነው። ከ10 ሜትር እስከ ውኃው ገጽ ባለው ርቀት ብቻ በሳንባ ውስጥ ያለው አየር መጠኑ በእጥፍ ስለሚጨምር ሳንባን ሊቀድ ይችላል።

አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ። የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ የሚጠበቀው ግፊት ቢያንስ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር የሚተካከል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሌላ አነጋገር እኛ የምንኖረው በማያርፍ አውሮፕላን ውስጥ ነው። የእንጦጦ ጋራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት መመሪያ ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12፣ ከተደጋገመ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየትን ይመክራል። በሚወጡበት ጊዜ የግድ ቆመው መጠበቅ ለሚያስፈልጋቸው ጠለቃዎች ከዚህም በላይ ይላል። መመሪያው የታሰበው እስከ 2,400 ሜትር ላለው ከፍታ በመሆኑ 18ቱ ሰዓት ለእንጦጦ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። "እኔ የመጣሁት በመኪና ወይም በባቡር ነው" ማለትም አያድንም፤ ሰውነት የሚያውቀው ከፍታውን እንጂ ተሽከርካሪውን አይደለም።

የአሠልጣኙ ድርሻ

ጀማሪው የማያውቀውን አያውቅም፤ ለአሠልጣኙ የሚከፍለውም ስለዚሁ ነው። ጤናውን በጽሑፍ መጠየቅ፣ መሣሪያውን አንድ በአንድ መፈተሽ፣ ከዓይን አለማራቅ፣ ነገ የት እንደሚሄድ መጠየቅ የአሠልጣኙ ግዴታ ነው። ታዋቂው የሥልጠና ድርጅት ፓዲ በመደበኛው የጀማሪዎች ኮርስ በክፍት ውኃ ለአንድ አሠልጣኝ የሚፈቅደው 8 ሰው ነው፤ ይህም ጣሪያው ነው። ቸልተኝነት ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ ማክዶናልድ ሐይቅ ውስጥ ታይቷል። አንዲት የ18 ዓመት ተማሪ በሥልጠና ላይ ሞተች። ቤተሰቧ ባቀረበው ክስ እንደተገለጸው ለደረቅ የጠለቃ ልብሷ አየር የሚሰጠው ቱቦ አልተገጠመም፤ በላዩም የበዛ እርሳስ ተጭኖባት ነበር። ይህን ለማየት ከውኃው በፊት የአንድ ደቂቃ ፍተሻ በቂ ነበር።

ሕጋችን ምን ይላል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ማንም ባለሙያ የሙያውን ደንብ ማክበር እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 2130 ደግሞ ሠራተኛ በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ኃላፊ ያደርጋል። ሠልጣኙ ራሱ ጥፋት ካለበት ካሣው በአንቀጽ 2098 መሠረት ይቀነሳል። ከመጥለቅ በፊት የሚፈረመው "ለሚደርስብኝ ሁሉ ኃላፊው እኔ ነኝ" የሚል ወረቀትስ? አንቀጽ 1887 ተዋዋዮች "ጥፋት ካልፈጸምን አንጠየቅም" ብለው እንዲስማሙ ይፈቅዳል፤ "ጥፋት ብንፈጽምም አንጠየቅም" እንዲሉ ግን አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543(2) በበኩሉ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሲገድል ቅጣቱን ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እሥራት ያደርሰዋል።

እርግጥ ነው፣ ጅቡቲ ላይ የደረሰ ጉዳት በቅድሚያ የሚዳኘው በዚያው አገር ሕግ ይሆናል። ጉዞውን እዚህ አዲስ አበባ የሸጠልን አዘጋጅ ግን "እኔ ትኬት ብቻ ነው የቆረጥኩት" ብሎ ሊያመልጥ አይገባም እላለሁ። የመመለሻውን ሰዓት የሚወስነው እሱ ነውና። ከውል ውጭ ለሚቀርብ የካሣ ክስ አንቀጽ 2143 የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት መሆኑም አይዘንጋ።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ከመክፈልዎ በፊት የአሠልጣኙን የምስክር ወረቀት ይጠይቁ፤ የሚኖሩበትን ከፍታ ይንገሩት። የመጨረሻውን ቀን ደረቅ መሬት ላይ ያሳልፉ። ከተመለሱ በኋላ ሕመም ከተሰማዎ ወደ ሐኪም ሄደው በመጀመሪያ "ጠልቄ ነበር" ይበሉ፤ ሐኪሙ ያልተነገረውን ሊገምት አይችልም። ንጹሕ ኦክስጅን የመጀመሪያው ዕርዳታ ነው። እንጦጦ የትም አይሄድም፤ በሚቀጥለው እሑድም እዚያው ይጠብቅዎታል።

ቸር ይግጠመን።