ከአሳማ በረት የተገኘ ማስረጃ

ባክቴሪያ በአንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ስለታየ ብቻ የበሽታው ምክንያት መጣበቁ ነው ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1955 ጄ. ፒ. ዱጊድና ባልደረቦቹ የኢ ኮላይ ባክቴሪያን ገጽ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምረው እጅግ ቀጫጭን ክሮች እንዳሉት ገለጹ፤ እነዚህ ክሮች ያሉት ባክቴሪያ ቀይ የደም ሕዋሳትን እርስ በርስ እንደሚያያይዝም አሳዩ። ማኖዝ የተባለው ስኳር ሲጨመር ማያያዙ ይቆማል። ትልቅ ግኝት ነበር። ይሁንና እንዲህ ያሉት ክሮች በጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት በሚኖሩ ኢ ኮላዮች ላይም ስለሚገኙ፣ ዐይን ብቻውን ጥያቄውን ሊፈታ አልቻለም። በእኔ እምነት መልሱ የመጣው የማረጋገጫው ልማድ ሲለወጥ ነው፤ ይኸውም የውርስ መመሪያውን ከባክቴሪያው ማስወገድ፣ የሚሆነውን ማየት፣ ከዚያም መልሶ ማስገባት ሲጀመር። በዚህ መስክ ልማዱን ያስጀመረው ደግሞ የሰው ሕክምና ሳይሆን የአሳማ ግልገሎች ተቅማጥ ነው።

ግልገሎቹን ከሚገድሉት የኢ ኮላይ ዝርያዎች ብዙዎቹ ኬ88 የተባለ ፕሮቲን በገጻቸው ላይ ይይዛሉ። ኢዳና ፍሪትስ ኧርስኮቭ በ1966 ይህ ፕሮቲን ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው በሚተላለፍ የውርስ ቁራጭ፣ በፕላዝሚድ፣ እንደሚታዘዝ አሳዩ። የሚተላለፍ ነገር ሊወገድና ሊመለስ ይችላል። በእንግሊዝ ይሠሩ የነበሩት ኤች. ዊሊያምስ ስሚዝና ማርጋሬት ሊንጉድ በ1971 ያደረጉት ይህንኑ ነበር፦ ፕላዝሚዱ የተወሰደበት ባክቴሪያ በሽታ የማምጣት ኃይሉን አጣ፤ ሲመለስለት ኃይሉም ተመለሰ። በዓመቱ ጆንስና ራተር ምክንያቱን አገኙ፤ ኬ88 ያለው ባክቴሪያ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ሲይዝ፣ የሌለው ግን በአንጀቱ ክፍተት ውስጥ ተበትኖ ይቀራል። ከዚያም በ1975 አንዳንድ አሳማዎች ባክቴሪያው የሚይዝበት ነገር በአንጀታቸው ገጽ ላይ እንደሌላቸውና ይህም በዘር እንደሚወረስ ታወቀ። በአራት ዓመት ውስጥ የመጣበቅ የውርስ መሠረት ከሁለቱም ወገን፣ ከባክቴሪያውም ከእንስሳውም፣ ተገለጠ። ይህ ሥራ በብዙ ትረካዎች እንደ መግቢያ ብቻ ታልፎ ስለ ሞለኪውል ዘመን መወራቱ ያሳዝነኛል።

የሰው ተራ ቀጥሎ መጣ። በ1975 በቴክሳስ ኢቫንስና ባልደረቦቹ ሰውን የሚያስቀምጥ ኢ ኮላይም በፕላዝሚድ የሚታዘዝ የራሱ መጣበቂያ እንዳለው አሳዩ። በ1981 የሃልና የስታንሊ ፎልኮ ቡድን የሽንት ቧንቧን የሚያጠቃ ኢ ኮላይ የክር ጂኖችን ነጥሎ አወጣ። በ1985 ደግሞ ራልፍ ኢስበርግና ፎልኮ የርሲኒያ ሹዶቱበርኩሎሲስ ከተባለ ባክቴሪያ አንድ የጂን ክፍል ወስደው ኬ-12 ወደተባለው ገራም የላቦራቶሪ ኢ ኮላይ አስገቡ። ሕዋስ ሰብሮ መግባት የማያውቀው ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ወደሚያድጉ የእንስሳት ሕዋሳት መግባት ጀመረ። ይህን ያስቻለውን ኢንቬዚን የተባለ ፕሮቲን በ1987 ለዩት፤ በማግስቱ ዓመት ፎልኮ የሮበርት ኮክን የበሽታ ማረጋገጫ ደንቦች ለጂን እንዲሆኑ አድርጎ ጻፋቸው።

በሳህን ላይ ያለ ሕዋስ ሰው አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ትክክልም ነው። ለዚህም ነው የአሳማው ሙከራ የሚበልጥብኝ፤ በሽታው በራሱ ባለቤት አካል ውስጥ ተፈትኗልና። ያው ሙከራ መጣበቅ ብቻውን እንደማይበቃም አሳይቷል፦ ከባዱ በሽታ የመጣው ባክቴሪያው ከኬ88 ጋር መርዝ የሚያሠራውን ሌላ ፕላዝሚድም ሲይዝ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የሚመጣው ከወረርሽኙ ከቸነፈር ነው። የቸነፈር ባክቴሪያ የርሲኒያ ፔስቲስ የሹዶቱበርኩሎሲስ ዘር ሆኖ ሳለ የኢንቬዚን ጂኑ መሐል ባዕድ ቁራጭ ገብቶ አበላሽቶታል፤ ያለ እርሱም ከወላጁ እጅግ የከፋ ገዳይ ነው። እንዲያውም በ1988 ሮስክቪስት፣ ስኩርኒክና ቮልፍ-ዋትስ በሹዶቱበርኩሎሲስ ውስጥ ይህን ጂንና ያድኤ የተባለውን ሌላ የመጣበቂያ ጂን አብረው ሲያሰናክሉ፣ ባክቴሪያው በአይጦች ላይ ኃይሉ ጨመረ። ይህ ግን ልማዱን አያፈርስም፤ ተቃውሞውን ራሱን ያስገኘው ያው ጂን የማስወገድ ዘዴ ነውና። የሚያርመው የእኛን ግምት ነው፦ ኢንቬዚን በምግብ ገብቶ የአንጀትን ግድግዳ ለሚያልፍ ባክቴሪያ መሣሪያ ነው፤ ቸነፈር ግን በቁንጫ ንክሻ ወደ ሰውነት ስለሚገባ ያ መንገድ አያስፈልገውም።